የአንሴልም ሁለት እንቁላሎች

ከሞታችሁ ከመቶ ዓመት በኋላ ስማችሁ ሲጠራ፣ መልስ የሚሰጥላችሁ ሰው ይኖራል?

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በፒካርዲ መንደሮች ይህ ጥያቄ ማንንም አያስጨንቅም ይባላል። በየዓመቱ ኖቬምበር አሥራ አንድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለው ሐውልት ዙሪያ ይሰበሰባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት የመንደሩ ልጆች ስም አንድ በአንድ ይነበባል። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ የቆመው ሁሉ ባንድ አፍ «ለፈረንሳይ ሞተ!» ብሎ ይመልሳል። ስም፣ መልስ። ስም፣ መልስ። በልጅነቱ የጀመረው እስኪያረጅ ስለሚለው አፉ ከልቡ ቀድሞ ያውቀዋል። ውብ ልማድ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መልስ የሚያገኘው የተጠራ ብቻ ነው፤ የሚጠራውም ድንጋዩ ላይ የተጻፈ ብቻ ነው። ማን ይጻፍ፣ ማን ይቅር የሚለውን የወሰኑት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው።

ሶሌን ቧቴል ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከተዘጋ መስኮት ነው። ያሳደጓት አያቷ ዤርመን በየዓመቱ በዚያች ቀን የመስኮቱን መዝጊያ ሁሉ ዘግተው፣ ሬዲዮውን አጥፍተው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ምክንያቱን የነገሯት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። የአያታቸው ወንድም አንሴልም በጦርነቱ የሞተው በጀርመን ጥይት አልነበረም። የገዛ ጦሩ ነው የረሸነው። ስሙም መንደሩ ድንጋይ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። አያቷ ባለፈው ሚያዝያ አረፉ። ሌላ ቧቴል የለም። አንሴልምን የኔ ብላ የምትጠራ፣ አንዲት የሃያ አንድ ዓመት የታሪክ ተማሪ ብቻ ቀረች።

ስለዚህ አስተማሪዋ ፕሮፌሰር ብርቲየ «የጦር ሜዳ ጉብኝት፤ ሦስት ቀን፣ ስድስት ቦታ» የሚል ወረቀት ሲለጥፉ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ኦሌንኩር የሚለውን የአንሴልምን መንደር ስም አይታ ተመዘገበች። የአንሴልም ስም ድንጋዩ ላይ ይጻፍ ብላ ለኦሌንኩር ከንቲባ ከዚያ በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የመጣላት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይላል።

አውቶቡሱ አርብ ንጋት ላይ ከሊዮን ሲነሳ ሃያ ሦስት ተማሪዎች ይዟል። ሃያ ሁለቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀመጡ። ሶሌን ከቦርሳዋ ጋር ተቀመጠች። ሰባት ሰዓት ሙሉ ያናገራት ሰው ቢኖር ከኋላዋ የተቀመጠችው ክለማንስ ናት፤ እሷም «ወንበርሽን ቀና አድርጊልኝ፣ ጉልበቴን ጨፈለቅሽው» ነው ያለቻት።

ከሰዓት በኋላ አንድ የወታደሮች መቃብር ደረሱ። ነጭ መስቀል በነጭ መስቀል ላይ፣ ሜዳው እስኪያልቅ። ዙሪያውን ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት እየተነቀለ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ፕሮፌሰር ብርቲየ እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ መድፍ ብዛት፣ ስለ ሟቾች ቁጥር፣ ስለ ጄኔራሎቹ ጥበብ ተናገሩ። ስለ ጄኔራሎች ጥበብ! በአሥራ አምስት ሺህ መስቀል መሃል ቆሞ! ተማሪዎቹ ፎቶ ተነሱ፤ አንዱ ድንች ጥብስ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ሶሌን ከተራ ወደ ተራ እየሄደች ስም ማንበብ ጀመረች። አንሴልም እዚያ እንደሌለ ታውቃለች። ግን አንዴ ከጀመሩ ማቆም ከባድ ነው፤ የትኛው መስቀል ላይ ተቁሞ «ካንተ በኋላ ያሉትን አላነብም» ይባላል?

ቀና ስትል አውቶቡሱ የለም።

መጀመሪያ ሊዞር የሄደ መሰላት። አሥር ደቂቃ ቆመች። ከዚያ ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ ክለማንስ ናት። «ቦርሳሽን ከመቀመጫው ላይ ላንሳው? እግሬን ልዘርጋበት» ይላል መልእክቱ። ሌላ ነገር የለም። ሶሌን አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ቦታ የተቀመጠች መስሏታል። ሶሌን «አንሺው» ብላ መለሰችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

አንሴልም ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ሠራዊት በሙሉ አወቀ፤ ስሙ ሲጠራ አቤት ስላላለ ነው የገደሉት። እሷ ግን ጠፍታ ስሟን የጠራ የለም። ኦሌንኩር በአራት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ የሚያሳየውን ምልክት ተከትላ በእግሯ መሄድ ጀመረች።

ግማሽ መንገድ እንደሄደች አንድ ጭቃ የለበሰ አሮጌ ነጭ መኪና አጠገቧ ቆመ። ቆብ ያደረጉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሽማግሌ መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ማድሟዜል፣ በዚህ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ወይ መኪናው የሞተበት ነው፣ ወይ ሚስቱ ያባረረችው። አንቺ የትኛው ነሽ?»

«አውቶቡስ ረስቶኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«አውቶቡስ! እኛ ጋ ከመጣ ሃያ ዓመቱ ነው፤ እኛን ነው የረሳው። ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን አታራግፊ፤ መኪናውን የያዘው ጭቃው ነው፣ ከረገፈ ይበታተናል።»

ሬሚ ኤኔካን ይባላሉ። በኦሌንኩር ሰላሳ አንድ ዓመት ባንዲራ ተሸካሚ ናቸው። ቤታቸው ወስደው የሽንኩርት ሾርባ አሞቁላትና እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ለነገው ሥነ ሥርዓት ባንዲራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እየተኮሱ ነበር። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ካውያ የሚይዙት ለባንዲራው ብቻ እንደሆነ ሸሚዛቸው ይመሰክራል።

«ዘንድሮ የናንተ ልጆች ናቸው ስሞቹን የሚያነቡት አሉ» አሉ። «ድሮ የትምህርት ቤቱ ልጆች ነበሩ። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ስንት ልጅ ቀረ? አራት። ከአራቱ ሁለቱ ማንበብ አይችሉም፣ አንዱ ደግሞ የከንቲባዋ የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ ይችላል ቢሉሽ እንዳታምኚ።»

ሶሌን ሳቀች። ከሊዮን ከተነሱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«ስምሽን አልነገርሽኝም።»

«ሶሌን።»

«የቤተሰብሽስ?»

«ቧቴል።»

ካውያው ቆመ። ቀዩ ጨርቅ ላይ እንፋሎት ሲጨስ ዘለው አነሱት።

«የእንቁላሎቹ ቧቴል?»

ሶሌን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንደዚያ ነበር የምትሉን?»

«እኔ አላልኩም። መንደሩ ነው ያለው። ከጦርነቱ በኋላ በእናትየው በር ላይ እንቁላል ይወረውሩ ነበር። ሁለት ሁለት እንቁላል፤ ሁልጊዜ ሁለት። ከዚያ ነው ቤተሰቡ ተነቅሎ የሄደው።»

የሁለቱን እንቁላል ነገር ሶሌን ከጦር ፍርድ ቤቱ መዝገብ በቃሏ ታውቀዋለች። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አንሴልም የተመደበበት ምሽግ ከእናቱ ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከምሽጉ ቀና ሲል የቤቱ ጭስ ይታየዋል። አንድ ቀን ጭስ የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። በሦስተኛው ቀን ሲመሽ ማንንም ሳያስፈቅድ ሄደ። ጦሩ መንደሩን ባዶ እንዲያደርጉ አዝዞ እናቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ኋላ ተወስዳለች፤ የነገረው የለም። ባዶ ቤት ውስጥ ዶሮዎቿ ብቻ ነበሩ። ሳይነጋ በገዛ እግሩ ወደ ምሽጉ ተመለሰ። ስሙ ግን ሌሊቱን ተጠርቶ ነበር። ሲፈትሹት ኪሱ ውስጥ ሁለት እንቁላል አገኙ። ከሳሹ መኮንን የጻፈውን አድምጡ፤ «ተከሳሹ በጠላት ፊት ምድቡን ከመተዉም በላይ ከሲቪል ቤት ዘርፏል።» ዘርፏል! ከናቱ ዶሮ! ችሎቱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በማግስቱ ጠዋት ከኦሌንኩር ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የኖራ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ረሸኑት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ማን እንደተኮሰ መዝገቡ ይላል?» አሉ ሬሚ። ካውያውን ነቅለው ተቀምጠዋል።

«አይልም። አሥራ ሁለት ወታደር ነው የሚለው።»

«አዎ፣ አይልም። ያኔ ክፍለ ጦሩ የአገሩ ልጅ ነበር። ካንድ ሰፈር፣ ካንድ ትምህርት ቤት። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ኦክታቭ ኤኔካን ነው፤ የአያቴ ወንድም። ለእረፍት ሲመጣ እናቱ እንቁላል ጠብሳ አቀረበችለት። ሳህኑን ገፍቶ ወጣ፤ እውጭ አስመለሰው። ለወንድሙ የነገረው ያን ቀን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቬርደን ውጊያ ላይ ሞተ። እሱ ድንጋዩ ላይ አለ። ነገ ይጠራል።»

«የኔውስ?»

«ያንቺው ከተጠራ፣ ማን ገደለው የሚል ይመጣል። መንደሩ የሚፈራው እሱን ነው፤ አንሴልምን የሚጠላው የለም። እናንተ ሄዳችሁ። የተኮሱት ልጆች ቤተሰብ እዚሁ ነው ያለው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።»

«እርስዎ ነገ አብረውኝ ይቆማሉ?»

ሽማግሌው ባንዲራውን በአራት አጠፉት። «ባንዲራ ተሸካሚ አይናገርም፣ ልጄ። ደንቡ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንቺን ለመጥራት ብለሽ የኔን አትዝለይብኝ። እሱም ልጅ ነበር።»

ሶሌን አስባ የመጣችው በትክክል ያንን ነበር። ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይሰጣታል፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰውዬ ትታ አንሴልምን ትጠራለች። እሱ ማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ሬሚ ተማሪዎቹ ወዳረፉበት ቤት አደረሷት። ራት ተጀምሯል። ፕሮፌሰር ብርቲየ አፋቸውን እየጠረጉ «ኦ፣ ቧቴል! ተቀመጪ፣ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ» አሉ። የት ነበርሽ ያላት የለም። ቦርሳዋ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ የክለማንስ ጫማ ምልክት አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ብቻ ቀርቷል። አደባባዩ ላይ መቶ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ ለሟቾቹ መታሰቢያ ትንሽ ሰማያዊ የወረቀት አበባ ሰክተዋል። ከንቲባዋ ማዳም ኦዲል ካርሊየ የሹመታቸውን ባለሦስት ቀለም መቀነት በካፖርታቸው ላይ አጥልቀው ከሰው ሰው እየዞሩ ጉንጭ ይስማሉ። ሶሌን ጠብቃ ቀረበቻቸው።

«ማዳም ከንቲባ፣ ሶሌን ቧቴል ነኝ። ሦስት ደብዳቤ የጻፍኩልዎት።»

ፈገግታው ባለበት ቀረ፤ ዓይናቸው ብቻ ሄደ። «አዎ፣ አዎ፣ ማድሟዜል ቧቴል። ጉዳዩ ደርሶናል። ግን ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

«ቀኑ መቼ ነው?»

«እንዲህ ያለ ነገር በምክር ቤት ይታያል፣ አውራጃው ይጠየቃል፣ ቤተሰቦች ይሰማሉ...»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ይስሙኝ።»

«ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አንድ አንድ ብርጭቆ ወይን አለ። እዚያ ረጋ ብለን እናወራለን፤ እሺ የኔ ቆንጆ?» ክንዷን ነካ ነካ አድርገው ወደሚቀጥለው ጉንጭ ሄዱ።

እንዲህ ነው የሚቀበሩት። በጥይት አንድ ጊዜ፣ በብርጭቆ ወይን መቶ ጊዜ።

ፕሮፌሰሩ ብጣሽ ወረቀቶቹን ማደል ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ስም፣ ሃያ ሦስት ተማሪ። ሶሌን ጋ ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ነበር። «አለቀ፤ አንቺ አብረሽ መልሺ» አሏት። ሶሌን በተማሪዎቹ መሃል እየተሽሎከለከች የያንዳንዱን ወረቀት አየች። ኤኔካን ኦክታቭ ክለማንስ እጅ ላይ ነው።

«ክለማንስ፣ ያንቺን ስጪኝ።»

«ለምን? የኔ ከሌላው ምን ተለየ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታውቂዋለሽ? ሰውዬው ከሞተ መቶ ዓመቱ ነው እኮ።» ክለማንስ አየቻት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። «እንቺ፣ ውሰጂው። እኔ ማይክሮፎን ፊት ስቆም ድምፄ እንደ ፍየል ነው የሚሆነው። ደህና ነሽ ግን? ፊትሽ ነጭ ሆኗል።»

«ብርድ ነው።»

ደወሉ አምስት ሰዓት ደወለ። ጥሩምባው ተነፋ። ሬሚ ነጭ ጓንት አጥልቀው ከሐውልቱ ጎን ቆመዋል፤ ትናንት የተተኮሰውን ባንዲራ ወደ መሬት ዝቅ አደረጉት። ንባቡ ጀመረ።

«አሊ ገስታቭ!»

«ለፈረንሳይ ሞተ!»

«ቢዮ ፌሊክስ!»

«ለፈረንሳይ ሞተ!»

ሶሌን ቤተ ክርስቲያኑን አሻግራ አየች። ጉድጓዱ ከዚያ ጀርባ ነው፤ ሳር ለብሷል። በፊደል ተራ ከቢዮ ፌሊክስ ቀጥሎ ያለው ቦታ የቧቴል ነበር። አንባቢው ሳይቆም አለፈው። ቆሞም አያውቅም።

ስም፣ መልስ። ስም፣ መልስ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ይተነፍሳል። እግራቸውን ከብርዱ የተነሳ ማንሳትና መጣላቸው እንኳ ከመልሱ ጋር ገጥሟል። ዘጠነኛው ስም አለፈ። ሶሌን ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። ሬሚን አየቻቸው። እሳቸው ባንዲራውን ያያሉ።

«ኤኔካን ኦክታቭ!»

«ለፈረንሳይ ሞተ!»

የሽማግሌው አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየች። ቦታዋን መልቀቅ ነበረባት። አልለቀቀችም። ወረቀቱን አጥፋ፣ ከወረቀቱ ሳይሆን ከራሷ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ልክ ጠራች፣

«ቧቴል አንሴልም!»

«ለፈረንሳይ ሞተ!»

መቶ ሰው ነው የመለሰው። አንድም ሰው አልቀረም፤ ከንቲባዋ ራሳቸው፣ መቀነታቸውን እንዳጠለቁ፣ ከሁሉ ጎላ ባለ ድምፅ መልሰዋል። አፍ ከልብ ቀድሞ ያውቀዋል ተብሏል። የሚቀጥለው ትንፋሽ ላይ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። ከፊት የቆሙት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከኋላ አንድ ሰው «ማነው ያለችው? ቧቴል ነው ያለችው?» አለ። «ቧቴል ናት እንዴ?» «ኧረ ዝም በል አንተ!» አሥራ አንደኛውን ስም የያዘው ተማሪ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ።

ከንቲባዋ በፍጥነት ለሬሚ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ባንዲራውን አንሳ፣ ነገሩን እንዝጋ ማለታቸው ነው። ሬሚ አዩአቸው። ባንዲራውን አላነሱም። ነጩ ጓንት እንጨቱን ጨብጦ፣ ጨርቁ እርጥቡን ድንጋይ እንደነካ፣ ዝም ብለው ቆሙ። ባንዲራ ተሸካሚ አይናገርም።

ከንቲባዋ ወደ ማይክሮፎኑ መጡ። ሶሌን ግማሹን ቦታ ብቻ ለቀቀችላቸው።

«ውድ ወገኖቼ» አሉ፤ «ይህ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም። የተሰጠው መልስ በስህተት የተሰጠ ነው፣ አይቆጠርም። እባክሽ ማድሟዜል ውረጂ። የሚቀጥለው አንባቢ...»

የሚቀጥለው አንባቢ አልመጣም። ሶሌን ተማሪዎቹን አየች፤ ሃያ ሁለቱም እሷን ያያሉ፣ ፕሮፌሰሩ በጣታቸው ነይ ይሏታል። አጠገቧ የመጣ የለም። ይህን ያክል ሰው እያያት ይህን ያክል ብቻዋን ሆና አታውቅም። ወጥ ቤት ውስጥ መስኮት ዘግተው የሚቀመጡትን አያቷን አሰበችና ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ መለሰችው።

«በስህተት ከሆነ ትክክሉን ይንገሩን፣ ማዳም ከንቲባ። የእናቱ ቤት ጭስ ቢጠፋበት ሄዶ አየ፣ ሳይነጋ በገዛ እግሩ ተመለሰ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጓደኞቹን አሰልፋችሁ አስገደላችሁት። እነሱንም ሕይወታቸውን ሙሉ ገደላችኋቸው። አሁን መቶ ሰው ለፈረንሳይ ሞተ አለ፤ እርስዎም ብለዋል፣ ሰምቻለሁ። መልሱን ከወሰዱብኝ ሌላ መልስ ይስጡኝ። አንሴልም ቧቴል ለፈረንሳይ ካልሞተ ለማን ሞተ? በደብዳቤ አይደለም፣ በወይን ብርጭቆም አይደለም። እዚሁ፣ በዚህ ማይክሮፎን፣ ይህ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ!»